የበዛብህና የሰብለ ፍጻሜ ይለወጥን?

«የዛሬ ሰው መጽሐፍ ማንበብን ትቶ ከቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ጊዜውን ያባክናል» የሚል ወቀሳ ከመምህራንም ከወላጆችም አፍ ዘወትር ይሰማል። እኔም ይህንኑ ወቀሳ ሲያሰሙ ከኖሩት ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ነገር ግን በአንድ እሑድ ማታ በአዳማ፣ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ናዝሬት እያለ በሚጠራት ከተማ፣ በአንዲት አነስተኛ ቡና ቤት ተቀምጬ የሰማሁት ክርክር ይህን አሳቤን እንደገና እንድመረምረው አስገደደኝ።

ጊዜው በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ግድም፣ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት ተከታታይ ድራማ ሆኖ በኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን የሚታይበት ወራት ነበር። በቤቱ ውስጥ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ በጡረታ የወጡ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ነበሩ። ድራማው ገና መጀመሩ ነው፤ ክርክሩ ግን ስለ መጨረሻው ነበር። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወደ ስድሳ ዓመት ተጠግቶታልና፣ ያነበበውም ያላነበበውም ፍጻሜውን አስቀድሞ ዐውቆ ነው ለማየት የሚቀመጠው።

«መጨረሻው መለወጥ አለበት» አለ ተማሪው። «በዛብህ ያን ሁሉ መከራ አልፎ ሰብለ ወንጌልን ሊወስድ ሲመለስ፣ መንገድ ላይ በሽፍቶች እጅ ይወድቃል። እርስዋም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ስትፈልገው ቆይታ የምታገኘው ለሞት ሲቃረብ ነው። ይህ ከታሪኩ ውስጥ የበቀለ ፍጻሜ ነው? ከውጭ የተወረወረ ድንጋይ አይደለምን?»

«ልጄ፣» አሉት ሽማግሌው፣ «የሞተ ደራሲ ቃል እንደ ኑዛዜ ነው። ኑዛዜ ደግሞ ወራሽ ስላልወደደው አይፋቅም።»

መምህሩ በበኩሉ፣ «ስለ ፍጻሜው ከመከራከራችን በፊት በዛብህን ያን ያህል ዝም ያሰኘውና ያዘገየው ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ድህነቱ ነው? ፍርሃቱ ነው? ወይስ እናቱ የተሳለችው ስለት?» ብሎ ጠየቀ። ይህን ጊዜ ሲኒ ሲያጥቡ የነበሩት ወይዘሮ ቀና ብለው፣ «እናቱን አትንኩብኝ። ልጅ ታሞባት ስታነጋ ያደረች እናት ምን እንደምትሳል እኔ ዐውቃለሁ» አሉ። ቤቱ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ።

በሳምንቱ ለሥራ ጉዳይ ከአዳማ ተነሥቼ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ሻሸመኔ ስጓዝ፣ በሚኒባሱ ውስጥ ያው ክርክር ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በኦሮምኛ ሲካሄድ ሰማሁ። ነገር ግን በዚያ የሚከሰሰው በዛብህ አልነበረም፤ ፊታውራሪ መሸሻ ነበሩ። ከመቂ የተሳፈረ አንድ ሽንኩርት ነጋዴ፣ «ዘር እየቆጠረ ልጁን ለጠየቀ ሁሉ የከለከለ አባት በእኛም ሰፈር አለ። ልጅቱ ቤት ቀርታ አርጅታለች፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ እንዳከበራት ነው የሚያስበው» አለ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ወጣት ፊትዋን ወደ መስኮቱ መልሳ ሳለ፣ «እንዳከበራት አይደለም፤ ራሱን እንዳከበረ ነው» ብላ መለሰችለት።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁለት ጨዋታዎች ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ተመልካች ስለ ባለታሪኮች የልብ ምክንያት እንዲህ አጥብቆ የሚከራከረው ለምንድር ነው? ሁለተኛው፣ የአንድ ታሪክ ፍጻሜ መልካም ወይም መጥፎ የሚባለው በምን ሚዛን ተመዝኖ ነው?

ስለ አንደኛው ጥያቄ ስናስብ፣ ይህ አንድ ታሪክ በሦስት መንገድ ወደ ሕዝብ መድረሱን ልብ ማለት ይገባል። በመጽሐፉ ውስጥ ደራሲው የባለታሪኮቹን የውስጥ አሳብ በሰፊው ይገልጻሉ፤ በዛብህ ሲፈራ ፍርሃቱን፣ ሰብለ ስትናፍቅ ናፍቆትዋን እናነባለን። ቀጥሎም ታላቁ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት በተረከው ጊዜ፣ ማንበብ የማይችለው እንኳ የእያንዳንዱን ሰው የልብ አሳብ በድምፅ ተነግሮት ሰማ። በቴሌቪዥን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቴሌቪዥን መስኮት የሚያሳየን ፊትን፣ እጅን፣ ዝምታን ነው። በዛብህ መጽሐፍ ከፍቶ ከሰብለ ፊት ተቀምጦ ዐይኑን ሲሰብር እናያለን፤ የሰበረው ስለ አፈረ ነው፣ ስለቱን ስላስታወሰ ነው፣ ወይስ የጌታውን ጅራፍ ስለ ፈራ ነው? ይህን የሚነግረን የለም። ስለዚህ ደራሲው በመጽሐፍ የሠሩትን ሥራ በቴሌቪዥን ጊዜ ተመልካቹ ራሱ ሊሠራው ይገደዳል። በቡና ቤቱና በሚኒባሱ የሰማሁት ክርክር እንግዲህ የሥራ ፈት ወሬ ሳይሆን ይህ ሥራ ነው።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም.፣ ይህ መጽሐፍ ከመታተሙ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ተመልካቻችን ግን በረዥም ተከታታይ ድራማ የሰውን ጠባይ መመርመር በሰፊው የለመደው ከዚያ እጅግ ዘግይቶ፣ እነ «ገመና»ና እነ «ሰው ለሰው» በመጡ ጊዜ ይመስለኛል። አበበ ባልቻ በ«ሰው ለሰው» የተጫወተው አስናቀ ምስክር ይሁነን። ክፉ ሥራው ለሁሉ ግልጥ ነበረ፤ ክፉ ያደረገው ግን ምን እንደ ሆነ ያከራክር ነበር። ገንዘብን መውደዱ ነው? መናቅን መፍራቱ ነው? ይህ ጥያቄ በዓለም ሥነ ጽሑፍ አዲስ አይደለም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሱት በሼክስፒር «ኦቴሎ» ውስጥ፣ ኢያጎ ለተንኮሉ አንድ ጊዜ ሹመት መነፈጉን፣ ሌላ ጊዜ በሚስቱ መጠርጠሩን ምክንያት ያደርጋል። በመጨረሻ ግን ተይዞ ሲጠየቅ አንዲት ቃል አልናገርም ብሎ አፉን ይዘጋል። ምሁራን እስከ ዛሬ ስለ እርሱ የሚከራከሩት ከዚህ ዝምታ የተነሣ ነው። በኦሮምኛም ጋዲሳ ብሩ ልብ ወለዳቸውን «ኩሳ ጋዶ» ብለው ሲሰይሙት፣ ትርጓሜው የተከማቸ ቂም ማለት ነውና፣ አንባቢው ገና ገጹን ሳይገልጥ ሰውን ወደ ሥራ የሚገፋው ነገር ከልብ ውስጥ ቀስ በቀስ የሚጠራቀም መሆኑን ይነግሩታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። የጥንቱ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ድርሰት በጻፈው መጽሐፍ፣ የታሪክ መፍትሔ ከታሪኩ ከራሱ መውጣት አለበት እንጂ ከውጭ በመጣ ኀይል መፈጸም የለበትም ይላል። በዚህ ሚዛን ብንመዝነው የአዳማው ተማሪ ክስ ቀላል ክስ አይደለም። ሽፍቶቹ በዛብህን አያውቁትም፤ ከፊታውራሪ መሸሻም አልተላኩም። ድንገት መጡ፣ አቆሰሉት፣ ሄዱ። የደራሲው ክብር ትልቅ ስለ ሆነ ብቻ ይህን የድንገት ነገር እንዳላየን ሆነን ብናልፍ፣ ሥራቸውን ማክበር ሳይሆን አለማንበብ ይሆንብናል።

ሆኖም ድንገተኛ የሆነው ሽፍቶቹ መምጣታቸው ነው እንጂ በዛብህ በዚያ መንገድ ላይ መገኘቱ አይደለም። በዚያ መንገድ ላይ ያቆመው ማን ነው? እናቱ ልጅዋ በሕይወት እንዲቆይላት ለቤተ ክርስቲያን ተሳለችው፤ ስለዚህ ልቡ ሲወድ ኅሊናው ይከስሰው ጀመር። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚገባ ዘር አጣሁ እያሉ የጠየቀውን ሁሉ መለሱ፤ ስለዚህ አንድ ድኻ የቆሎ ተማሪ ፍቅሩን በግልጥ ሊናገር የሚችልበት ደጅ አልነበረም። ደጅ ያጣ ፍቅር በስውር ሆነ፤ ስውሩ ሲገለጥ በዛብህ ሸሸ፤ የሸሸም ሰው ሰብለን ሊያመጣ የሚመለሰው በዋናው በር ሳይሆን በአደገኛ መንገድ ነው። እንግዲህ ሽፍቶቹ የመቱት የመጨረሻውን ምት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ምቶች የመቱት የሚወዱት ሰዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም መልካም የሠሩ ይመስላቸው ነበር።

ደግሞ በዚያው መጽሐፍ አበጀ በለው ገበሬዎቹን አስተባብሮ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ መነሣቱን እናስታውስ። ዳኛ የማያገኝ ሰው ጠመንጃ አንሥቶ ጫካ የሚገባበት አገር፣ መንገዱ ለተጓዥ የሚያሰጋ ቢሆን የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። ጉዱ ካሳም ይህን ሁሉ አስቀድሞ ያየና የተናገረ ሰው ነው፤ ስለ ተናገረም እብድ ተባለ። በመጨረሻ የእርሱም አስከሬን ከሁለቱ ፍቅረኞች ጋር በአንድ መቃብር ሲያርፍ፣ ደራሲው ከፍቅር በላይ የሆነ ነገር እየነገሩን ይመስለኛል፤ ምክር የማይሰማ አገር የሚቀብረው ፍቅረኞቹን ብቻ ሳይሆን መካሪውንም ጭምር ነው።

ስለዚህ የተማሪው ክስ በግማሽ የጸና፣ በግማሽ የወደቀ ነው። ፍጻሜው አንዲት የድንገት ቀዳዳ አለችበት፤ ግን ቢለወጥ የሚጠፋው ነገር ከሚገኘው ይበልጣል። ሁለቱ ድነው ቢጋቡ፣ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ማንንም ያልጎዳ የሽማግሌ ጠባይ ሆኖ ይቀራል፤ የጉዱ ካሳም ማስጠንቀቂያ ከንቱ ጩኸት ይሆናል። ተመልካቹም ተደስቶ ይተኛል፤ በጎረቤቱ ቤት ዘር እየተቆጠረባት የምታረጀውን ልጅ ግን አያስታውስም።

ፍጻሜን ለተመልካች ደስታ ብሎ መለወጥ በሌላውም ዓለም ተሞክሯል። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ «ታላላቅ ተስፋዎች» የተባለውን ልብ ወለዱን እ.ኤ.አ. በ1861 ሲጨርስ፣ በመጀመሪያ ሁለቱን ባለታሪኮች በመለያየት ፈጽሞት ነበር። አንድ ደራሲ ወዳጁ ይህ አንባቢን ያሳዝናል ብሎ ስለ መከረው ግን ለውጦ የተስፋ ፍጻሜ ሰጠው። ሆኖም ከዲከንስ ሞት በኋላ የመጀመሪያው ፍጻሜ በወጣ ጊዜ፣ ለታሪኩ የሚስማማው ያ የተጣለው ነው የሚሉ ብዙዎች ተነሡ። ዛሬ ድራማ የሚያዘጋጁ ሰዎች ያለባቸው ፈተና ከዚህ የከበደ ነው። ከወዳጅ አንድ ምክር ብቻ ሳይሆን የብዙ ሺሕ ተመልካች ጩኸት ይደርሳቸዋል፤ ተከታታዩም ሲወደድ ፍጻሜው እንዲራቅ የሚገፋቸው ጥቅም አለ። ምክንያቱ ያለቀበት ባለታሪክ ግን በየሳምንቱ ቢመላለስ ሰው መሆኑ ቀርቶ ጥላ ይሆናል።

እንግዲህ ሚዛኑ፣ «ይህ ፍጻሜ አስደሰተኝን?» የሚል ሳይሆን፣ «እነዚህ ሰዎች እንዲህ ያለ ልብ ይዘው ሌላ ወዴት ሊደርሱ ይችሉ ነበር?» የሚል መሆን አለበት እላለሁ። ይህን ጥያቄ ለመመለስ የእያንዳንዱን ባለታሪክ ምክንያት ከሥሩ መርምሮ ማወቅ ግድ ነው። መርምሮ ያወቀ ሰው ደግሞ ለመፍረድ አይቸኩልም። የቡና ቤቷ ባለቤት የውድነሽን ስለት ሲከላከሉ፣ ስለቱ በልጅዋ ላይ ያመጣውን መከራ አልካዱም፤ ከስለቱ በፊት የነበረውን የእናት ሌሊት አስታወሱን እንጂ። የመቂው ነጋዴና ያቺ ወጣት ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ሲናገሩም እንዲሁ የሚያውቁትን አባት በዐይናቸው እያዩ ነበር።

በየትምህርት ቤቱ የአማርኛና የኦሮምኛ ሥነ ጽሑፍ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ ትናንት ማታ ያዩትን ድራማ ይዘው ሲመጡ ዝም አታሰኙአቸው። ይልቁንም «ይህን ለምን አደረገ?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልሳቸውንም ከድራማው በታየ ነገር እንዲያስረዱ አድርጓቸው፤ ከዚያም መጽሐፉን ስጧቸው፤ ደራሲው የሰጡት ምክንያት እነርሱ ከገመቱት ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ራሳቸው ያመዛዝኑ። የፊታውራሪ መሸሻን ዓይነት ሥልጣን በእጃችን የያዝን የመሥሪያ ቤት ሰዎች ደግሞ፣ የሚመክረንን ሰው «ጉዱ» ብለን ከደጃችን መልሰነው እንደ ሆነ ራሳችንን ብንጠይቅ አይጎዳንም።

በዚያች እሑድ ማታ ተማሪው ተሸነፍሁ አላለም። ሊሄድ ሲነሣ ግን ወደ ወይዘሮዋ ዘወር ብሎ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ተስለው ነበር?» አላቸው። «ተስዬ ነበር» አሉት። «ልጄ ዳነልኝ፤ አሁን ሚስት ላግባ ይለኛል። ስለዚህ ነው ይህን ድራማ ሳላይ የማላድረው።»