ከሽቦው ላይ የጠፋው ቃል፤ የሃሊም ኤል-ዳብ ቀረጻና የባሌ ባሕሮ

ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል-ዳብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ውስጥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቁሟል። እኛ የምናስታውሰው በዚህ ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በ1944 ካይሮ ላይ የሠራው ነው። በሽቦ መቅረጫ የሴቶችን የዛር ዜማ ቀዳ፤ ሬዲዮ ጣቢያ ወስዶም መሠረታዊውን ድምፅ አስወግዶ፣ በማስተጋቢያ ክፍሎች ውስጥ አሳልፎ አዲስ ድርሰት አወጣበት። የሙዚቃ ደራሲው ፒየር ሼፈር ፓሪስ ላይ በተቀዳ ድምፅ ሥራ ከመጀመሩ አራት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው።

ዛሬ ከዚያ ሥራ የሚደመጠው የሁለት ደቂቃ ያህል ቅንጫቢ ነው። ይርገበገባል፣ ይርቃል፣ ይመለሳል፤ ውበቱን የሚክድ ጆሮ አይኖርም። ቃል ግን የለበትም። ሴቶቹ ፈውስ ፈልገው የተናገሩት ሁሉ ወደ ጭጋግ ተለውጧል። ኤል-ዳብ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ከጓደኛው ጋር እንደ ሴት ተከናንበው ነበር ወደ ዛሩ ሥርዓት የገቡት። ሙዚቃው ተሸፋፍኖ የመግባቱን ጉድለት አይሽረውም።

የተቀዳን የሰው ጸሎት መለወጥ ይገባል ወይ የሚለው ጥያቄ ባሌ ላይ ሲደርስ ይከብዳል። ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዙት ምዕመናን፣ ጫፉ ባላ የሆነ በትራቸውን ይዘው፣ በኦሮምኛ ባሕሮ የተባለውን የጸሎት ዜማ ይላሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በአውጪውና በተቀባዮቹ መካከል ያለችው ዝምታ የጸሎቱ አካል ናት። ቃሉን ያደበዘዘ ጸሎቱን አጠፋ፤ ዝምታዋን ያሳጠረም እንዲሁ።

የሙዚቃ ደራሲው ስቲቭ ራይክ በ1988 ለክሮኖስ ኳርቴት በጻፈው «ዲፈረንት ትሬንስ» ላይ የክር መሣሪያዎቹ የተናጋሪዎቹን የንግግር ዜማ እየተከተሉ ይሄዳሉ፤ ቃሉም ይሰማል። ይህ መንገድ ለባሕሮ ይቀርባል፤ ራይክ ግን ንግግሩን ይቆራርጠዋል፣ ይደጋግመዋል። ሌላው ደራሲ አልቪን ሉሲየር በ1969 ንግግሩን አንድ ክፍል ውስጥ እያጫወተ ደጋግሞ ሲቀዳው፣ በመጨረሻ የክፍሉ ማስተጋባት ቃሉን ዋጠው። የዋጠው ግን የራሱን የሉሲየርን ድምፅ ነበር። በራሱ ላይ ፈረደ እንጂ በሌላ አልፈረደም፤ ልዩነቱ ለእኔ ትልቅ ነው።

ስለዚህ ባሌ ውስጥ የሚሠራ የቻምበር ሙዚቃ ኤሌክትሮኒክሱን ከሰው ድምፅ አርቆ በቦታው ላይ ቢያውለው እላለሁ። ከባሌ ተራሮች የሚነሳው ወይብ ወንዝ ከሮቤ በስተምሥራቅ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ የኖራ ድንጋዩ አዳራሽ ኤል-ዳብ ካይሮ ላይ የተጠቀመበትን የማስተጋቢያ ክፍል ያህል ያገለግላል። ከጎባ በላይ ያለው ሳነቴ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው ሜዳ ላይ ከጅብራው በቀር ድምፅ የሚመልስ ነገር ብዙም የለም። ማሲንቆውን በዋሻው ማስተጋባት፣ ባሕሮውን ግን እንደ ሳነቴ አየር ደረቅ አድርጎ፣ ከነትንፋሹ ሳይቆርጡ መተው ይቻላል።

የተቀዳውም መጀመሪያ ለራሳቸው ለባሕሮ ባዮቹ ይሰማ። ይቅር ካሉ ይቀራል፤ ደራሲው ቫዮሊኑንና ማሲንቆውን ይዞ ሌላ ድርሰት ይጻፍ።