መጠበቅን ከመግደል የሚለይ ሙከራ

አንድ የመድኃኒት ቅጠል ዘረመልን ከጉዳት ይጠብቅ እንደሆነ ለመመርመርም የሚያገለግለውን፣ ሳይንቲስቱ ብሩስ ኤምስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ያበጀውን ሙከራ ያህል የሚያስደንቀኝ ሥራ ጥቂት ነው።

ጥበቡ ከባክቴሪያው አመራረጥ ይጀምራል። ጤነኛ ሳልሞኔላ ለዕድገቱ የሚያስፈልገውን ሂስቲዲን የተባለ አሚኖ አሲድ ራሱ ያዘጋጃል። ኤምስ የመረጣቸው ዝርያዎች ግን ይህን የሚያዘጋጀው ዘረመላቸው ተበላሽቷል። ሂስቲዲን በሌለበት ሳህን ላይ የሚያድጉት ብልሽቱ በሌላ ሚውቴሽን (የዘረመል ለውጥ) የተቃናላቸው ብቻ ናቸው፤ እነሱም በዓይን የሚታይ ነጥብ ይሠራሉ። ነጥብ መቁጠር ሚውቴሽን መቁጠር ሆነ ማለት ነው። አንድ ሳህን ላይ 100 ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያ ስለሚፈስ እጅግ ብርቅ የሆነው ለውጥ እንኳ አያመልጥም።

ኤምስ በዚህ አልበቃውም። ትልልቅ ኬሚካሎች እንዲገቡ የባክቴሪያውን ሽፋን አሳሳው፤ የተጎዳ ዲኤንኤ ከሚጠገንባቸው መንገዶችም አንዱን ዘጋበት። በሻጋታ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን ጉበት ውስጥ ካልተለወጠ ዲኤንኤን ስለማይጎዳ፣ ከአይጥ ጉበት የተዘጋጀ ኢንዛይም ጨመረበት።

ዕፅ ሲፈተሽ የዕፁ ጭማቂና ሚውቴሽን አምጪው ኬሚካል አብረው ከባክቴሪያው ጋር ይደባለቃሉ፤ ሳህኑ በ37 ዲግሪ ለ48 ሰዓት ያህል ይቀመጣል። ነጥቦቹ ከቀነሱ ዕፁ ጠብቋል ለማለት ያስቸኩላል። ጭማቂው ባክቴሪያውን ገድሎት ቢሆንስ? የሞተም ነጥብ አይሠራም።

መልሱ እዚያው ሳህኑ ላይ መኖሩ ነው ለእኔ የሥራው ቁንጮ። ባክቴሪያው በሚያድግበት፣ አጋር በተባለው ጄል የላይኛው ንብርብር ውስጥ እጅግ ጥቂት ሂስቲዲን ይጨመራል። ባክቴሪያዎቹ ሁሉ ጥቂት ጊዜ ይባዙና ከነጥቦቹ ሥር እንደ ጉም የሳሳ ምንጣፍ ይዘረጋሉ። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ሲያየው ምንጣፉ ከተሸረፈ፣ ጭማቂው መርዝ እንጂ ጠባቂ መሆኑ አልተረጋገጠም። ነጥቦቹ ቀንሰው ምንጣፉ ሙሉ ከሆነ ግን ነገሩ ይመረመራል፤ ያለ ጉበት ኢንዛይም በቀጥታ በሚጎዳ ኬሚካልም ይደገማል። ጭማቂው የከለከለው ኢንዛይሙን ብቻ ከነበረ በዚህ ይታወቃል።

በዚህ መንገድ ጃፓናዊው ተመራማሪ ካዳ እና ባልደረቦቹ በ1978 የአትክልት ጭማቂ ምግብ ሲያር የሚፈጠር ጎጂ ኬሚካልን እንደሚያዳክም አሳዩ። ከአረንጓዴ ቅጠል ቀለም የሚሠራው ክሎሮፊሊንም በዚሁ ሙከራ አፍላቶክሲንን ሲመክት ታየ፤ ከዚያም በቻይና ቺዶንግ በ180 ሰዎች ላይ ተሞከረ። በ2001 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ለአራት ወር በቀን ሦስት ጊዜ 100 ሚሊግራም የወሰዱት ሰዎች ሽንት ውስጥ የሚገኘው፣ አፍላቶክሲን ዲኤንኤን መጉዳቱን የሚያሳይ ምልክት በ55 በመቶ ዝቅ ብሎ ነበር።

ከሳህን እስከ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው። ስለዚህ አንድ ቅጠል ከካንሰር ይጠብቃል የሚል ሲያጋጥማችሁ ነጥቡ ምን ያህል እንደቀነሰ ብቻ አትጠይቁ፤ ምንጣፉ ሙሉ እንደነበርም ጠይቁ።