ድካም እንደ ትልም፦ ስለ ጀምስ ግራሃም «ዚስ ሐውስ»

በሥልጣን ላይ ያለ ፓርቲ ሲዳከም የሚያሳዩ ተውኔቶች አብዛኛውን ጊዜ መሪውን መሐል ላይ ያቆማሉ። እንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት ጀምስ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር ለመድረክ በበቃው «ዚስ ሐውስ» (በአማርኛ «ይህ ምክር ቤት» ልንለው እንችላለን) በተሰኘው ሥራው ግን ሌላ መንገድ መርጧል። በዚህ አጭር ሂስ ለማሳየት የምሞክረው፣ በተውኔቱ ውስጥ ድካም የገጸ ባሕርያቱ ስሜት ብቻ ሳይሆን ትልሙን የሚገፋ ኃይል መሆኑን፣ የሥራው ጥንካሬም ሆነ ጉድለት ከዚሁ እንደሚመነጭ ነው።

መቼቱ እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1979 ያለው የእንግሊዝ ፓርላማ ነው። ሌበር ፓርቲ በኦክቶበር 1974 ምርጫ ያገኘው ብልጫ የ3 መቀመጫ ብቻ ነበር፤ እሱንም በአባላት ሞት፣ በመክዳትና በማሟያ ምርጫ ሽንፈት አጣው። ጠቅላይ ሚኒስትር ካላሃን በ1978 ምርጫ ይጠራሉ ተብሎ ሲጠበቅ፣ በሴፕቴምበር ወር እንደማይጠሩ አስታወቁ። ተከትለው የመጡት የብርድ ወራትም የሥራ ማቆም አድማ በአድማ ሆኑ።

ግራሃም ዊልሰንን፣ ካላሃንንና ታቸርን ከመድረኩ ያርቃቸዋል። የምናየው የሁለቱን ፓርቲዎች «ዊፖች»፣ ማለትም በእኛ ምክር ቤት «ተጠሪ» የሚባሉትን ሰዎች ነው። ዋና ሥራቸው መናገር ሳይሆን መቁጠር ነው። ሌሎቹ እንደራሴዎች የሚጠሩት በስማቸው ሳይሆን በምርጫ ክልላቸው ነው። ይህ የፓርላማው ነባር ወግ ቢሆንም፣ በተውኔቱ ውስጥ ሌላ ፍቺ ያገኛል፤ ሰውየው ይረሳና መቀመጫው ብቻ ይቀራል። በዚህ ዓለም ሕመም የግል ጉዳይ አይደለም። ድካሙ በረጅም ቃለ ተውኔት አይነገረንም፤ ቁጥሩ ሲመናመን እናየዋለን እንጂ።

በጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» አንድ ሰው ከኅሊናው ጋር የሚፋጠጥበትን የመጨረሻ ሰዓት እናውቃለን። እዚህ ግን የመጨረሻው ሰዓት የብዙዎች ነው። ስለሆነም አንድ ጀግና ፍለጋ መሄድ ተውኔቱን አላግባብ ማንበብ ይመስለኛል።

ግጭቱ ከጫፍ የሚደርሰው ማርች 28 ቀን 1979 በመንግሥት ላይ የመተማመኛ ድምፅ በሚሰጥበት ምሽት ነው። የባትሊና ሞርሊ ተወካይ ብሮተን በጠና ታሟል፤ ጉዞው ሊገድለው እንደሚችል ሐኪሞች አስጠንቅቀዋል። በሁለቱ ወገኖች መካከል፣ አንዱ አባሉ በሕመም ሲቀርበት ሌላውም አንድ አባሉን የማስቀረት የቃል ስምምነት አለ። ይሁንና ለእንዲህ ያለ ምሽት የሚቀር ሰው አይገኝም። የወግ አጥባቂዎቹ ምክትል ተጠሪ ዌዘሪል ቃሉን ለመጠበቅ ራሱ ሊቀር ይጠይቃል፤ ይህን ማድረግ የፖለቲካ ሕይወቱን ማጥፋት መሆኑን ያውቃል። የሌበሩ ምክትል ተጠሪ ሀሪሰን መሥዋዕትነቱን አይቀበልም። መንግሥት 311 ለ310 ይሸነፋል። ብሮተንም ከአምስት ቀናት በኋላ ይሞታል።

ይህ ሁሉ በታሪክ የተፈጸመ ነው። የደራሲው ድርሻ፣ ዓመታት ሙሉ ሰውን ወደ ቁጥር ሲለውጥ የኖረ አንድ ቆጣሪ፣ ቁጥሩ ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልግበት ሰዓት ሰውየውን እንዲያይ ማድረጉ ነው። የሀሪሰን እምቢታ ክብር ነው ወይስ ድካም? ጽሑፉ ሁለቱንም ይፈቅዳል ባይ ነኝ። ለማሸነፍ እንኳ የታከተው ሰው ቸርነት ሊመስል ይችላል፤ ይህ አሻሚነት ትዕይንቱን ከተራ የጨዋነት ውዳሴ ያድነዋል።

ጉድለቱ ግን ከዚሁ ይጀምራል። የሁለቱ ሰዎች መከባበር ልባችንን ሲይዘው፣ የውሳኔው ዋጋ የሚከፈልበት ስፍራ ከመድረኩ ውጪ ይቀራል። በሜይ 3 ቀን 1979 ምርጫ ወግ አጥባቂዎች አሸንፈው እስከ 1997 ድረስ ለ18 ዓመታት ገዙ። አድማ የመቱት ሠራተኞችም ሆኑ ፋብሪካቸው የሚዘጋባቸው ከተሞች በዚህ ተውኔት ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ እንጂ ገጸ ባሕርይ አይደሉም። እንደራሴዎቹ በክልላቸው ስም ይጠራሉ፤ በክልሉ የሚኖረው ሕዝብ ግን አንድም ጊዜ አይናገርም። ደራሲው የፓርላማውን ዝግ ዓለም ለማሳየት ሆን ብሎ ያደረገው ነው ሊባል ይችላል። ቢሆንም ዝግነቱን ማሳየትና በዝግነቱ መማረክ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ትዕይንቶች ወደ ሁለተኛው ያዘነብላሉ።

ፖለቲካን ለመድረክ መጻፍ ለሚሹ ተማሪዎቻችን ሥራው የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የሚወድቅ ፓርቲን ለማሳየት የመሪውን ንግግር መድረስ ግዴታ አይደለም፤ ቆጣሪዎቹን መከተል ይበቃል። ቆጣሪዎቹን የሚከተል ደራሲ ግን የተቆጠረለትን ሕዝብም ወደ መድረኩ የሚያስገባበት በር ሊያበጅ ይገባዋል።