ከመርፌ ወደ ክኒን፦ የነርሶች ወርሃዊ ቀጠሮ የት ገባ?

የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ያወጣው ምክር አንድ ሥር የሰደደ ግምት በማረሙ ሊመሰገን ይገባዋል። የሩማቲክ የልብ ሕመምተኛ ተወግቶ ወዲያው ሲሞት ምክንያቱ አናፊላክሲስ ነው ተብሎ ይደመደም ነበር። የምክሩ አዘጋጆች ግን ከእነዚህ ሞቶች አንዳንዶቹ አለርጂ እንደማይመስሉ፣ ይልቁንም ቀድሞውኑ ክፉኛ የተጎዳ ልብ ድንገት አቅም በማጣቱ ሳይደርሱ እንዳልቀሩ ያስረዳሉ። ስለዚህ ከባድ የማይትራል ወይም የአኦርታ ቫልቭ ጥበት፣ ከባድ የአኦርታ ቫልቭ ማፍሰስ፣ የደከመ የግራ ልብ ወይም በጥቂት እንቅስቃሴ ትንፋሽ የሚያሳጥር የልብ ድካም ላለባቸው በመርፌው ፈንታ የሚዋጥ መድኃኒት በብርቱ እንዲታሰብ ይመክራሉ። ለቀሩት፣ የፔኒሲሊን አለርጂ እስከሌለባቸው ድረስ፣ መርፌው እንደ ቀድሞው ይቀጥላል።

ይሁን እንጂ ጽሑፉ በዋናነት የሚያናግረው የኢኮካርዲዮግራፊ ውጤት ከፊቱ ያለውን፣ መድኃኒት የሚያዘውን ሐኪም ነው። በኢትዮጵያ መርፌውን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው ብዙ ጊዜ የጤና ጣቢያ ነርስ ነው። እጁ የሚገባው ወረቀት የመድኃኒቱን ስምና መጠን ይናገር ይሆናል፤ የቫልቩን ጉዳት ክብደት ግን ብዙውን ጊዜ አይናገርም። ሕመምተኛው ቢሞት ግን በቅድሚያ የሚጠየቀው መርፌውን የያዘው ሰው ነው። በዚህ ሁኔታ ያለ ነርስ መውጋት ቢፈራ ሊፈረድበት አይገባም። በፍርሃቱ ምክንያት መርፌው የሚቋረጥበት ታዳጊ ግን ዋጋ ይከፍላል፦ በዩጋንዳ በ818 ልጆችና ታዳጊዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በ2 ዓመት ውስጥ ድብቅ የቫልቭ ጉዳታቸው የባሰባቸው መርፌውን ከወሰዱት 0.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 8.2 በመቶ ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ሌላ ነው። የመርፌው ቀን የመርፌ ቀን ብቻ አልነበረም። ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ተቀምጦ ያደረ እንደሆነ የሚጠየቀው፣ ቁርጭምጭሚቱ የሚዳሰሰው፣ ክብደቱ የሚለካው፣ ፉሮሴማይድ ማለቁ የሚታወቀው በዚያ ቀን ነው። ጠባብ ማይትራል ቫልቭ ያላት ወጣት የወር አበባዋ መቅረቱን የምትናገረውም፣ ከተናገረች፣ ለምታውቃት ነርስ ነው። እንግዲህ ከመርፌ ወደ ክኒን የሚዛወሩት ሕመማቸው የከበደባቸው ናቸው። የሦስት ወር ክኒን ይዘው ቢሄዱ በየወሩ የሚያያቸውን ዐይን የሚያጡት ከሁሉ ይልቅ እርሱ የሚያስፈልጋቸው ይሆናሉ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ደግሞ ከመርፌ ይልቅ በቀላሉ ይዘነጋል።

ነርሶች የሕመሙን ክብደት መለየት አይችሉም የሚለው ክርክር ሩዋንዳ ላይ ይረታል። በዚያ በወረዳ ሆስፒታሎች የሠለጠኑ ነርሶች፣ በሐኪም ክትትል፣ በቀላል የልብ አልትራሳውንድ ጭምር እየታገዙ የልብ ድካም ሕሙማንን ሲከታተሉ ቆይተዋል። ከመወጋት በፊት ውኃ ማጠጣት፣ ባዶ ሆድ አለመሆኑን ማረጋገጥ፣ አስተኝቶ መውጋትና ሕመሙን መቀነስም ሐኪም በሌለበት ክፍል በነርስ እጅ የሚፈጸሙ ናቸው።

ስለዚህ ከሆስፒታል የሚወጣው ወረቀት የቫልቩን ሁኔታ በአንድ መስመር ይግለጽ፤ ሕመምተኛው በቀጠሮው ቀን ትንፋሽ ካጠረው ነርሱ መርፌውን አቆይቶ ሐኪም የማማከር ሥልጣን እንዳለው ይጻፍበት። መድኃኒቱ ወደ ክኒን ሲለወጥም ከሥሩ «ወርሃዊ ቀጠሮው አልተሰረዘም» የሚል ይታከልበት።