«ተጠቃሽነት» እና «ተጽዕኖ»፤ ስለ ምርምር መመዘኛ ስያሜዎች የቀረበ ሒስ

የተመራማሪዎችን ሥራ ለመመዘን በሚዘጋጁ የአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ሲጠሩ እናገኛለን። አንድ ጽሑፍ በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሰ የሚያሳየው ቁጥር «ተጽዕኖ» ይባላል፤ ምርምሩ በሰው ኑሮና በአገር ምርት ላይ ያስከተለው ለውጥም እንዲሁ «ተጽዕኖ» ይባላል። ጉዳዩ የስያሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጥቂት ቃላት ባለፍነው ነበር። ይሁን እንጂ የማዕረግ ዕድገትና የምርምር ገንዘብ በዚሁ ቃል ስም የሚሰጥና የሚነፈግ ስለሆነ፣ የቃሉ መደበላለቅ የፍርድ መደበላለቅን ያስከትላል።

በመጀመሪያ የቃላቱን ሥር እንመልከት። «ተጽዕኖ» ጸዐነ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ይኸውም በአማርኛ «ጫነ» የምንለው ነው። ስለዚህ ቃሉ ክብደት ያለው ነገር በሌላው ላይ ማረፉን ያመለክታል። «ጠቀሰ» ግን ከዚህ ይለያል። ጸሐፊ በብርዑ ቀለም ይጠቅሳል፤ ተመጋቢ እንጀራውን ከወጥ ያጠቅሳል፤ ሰው ወዳጁን በዐይኑ ይጠቅሳል፤ ደራሲም የሌላውን ደራሲ ቃል ይጠቅሳል። በእነዚህ ፍቺዎች ሁሉ ውስጥ ያለው ሐሳብ ነካ ማድረግ ነው። ንክኪው እስከ ቀለሙ ቀንድ ሥር ሊደርስ ይችላል፤ የዐይን ጥቅሻ ሆኖም ሊቀር ይችላል። ቁጥሩ ሁለቱን አይለይም፤ የሚያመሰግነውንና የሚነቅፈውንም እኩል አንድ ብሎ ይቈጥራል።

መሣሪያው ሲታሰብም ዓላማው ሌላ ነበር። ዩጂን ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1955 የተጠቃሾችን ማውጫ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ አንባቢው አንድን ጽሑፍ ኋላ የጠቀሱትንና የተቹትን ሥራዎች ተከታትሎ እንዲያገኝ ለመርዳት አስቦ ነበር። ማውጫው ሚዛን የሆነው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ የታወቀውን መለኪያ አቀረበ። በዚህ መለኪያ አንድ ተመራማሪ 10 የሚያገኘው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ሲኖሩት ነው።

ይህ መለኪያ በአንድ የሙያ መስክ ውስጥ ጥቂት ሊነግረን ይችላል። መስክን ከመስክ ጋር ለማወዳደር ሲውል ግን ያሳስታል። በሕክምናና በሥነ ሕይወት ጽሑፎች ደራሲዎቹም የሚጠቀሱት ሥራዎችም ብዙ ናቸው። በሒሳብ ግን ጥቂት ናቸው። በቋንቋና በታሪክ ጥናት ደግሞ ዋናው ሥራ መጽሐፍ ሲሆን፣ ማውጫዎቹ የሚለቅሙት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሚታተሙ መጽሔቶችን ነው። ለምሳሌ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያደረጁትንና ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁትን የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እናስብ። በዚህ አንድ ሥራ ብቻ ቢመዘኑ፣ መጽሐፉ ሺሕ ጊዜ ቢጠቀስም የአለቃ የሂርሽ መለኪያ ከ1 አይዘልም።

በዚህ ላይ የስማችን ጉዳይ ይጨመራል። የቤተሰብ ስም ስለሌለን አንዱ ማውጫ በአባት ስም፣ ሌላው በአያት ስም ይመዘግበናል። ጸ እና ቀ ደግሞ በላቲን ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ ስለሌላቸው የአንድ ሰው የኅትመት መዝገብ በሁለትና በሦስት ሰው ስም ይከፋፈላል።

አሁን የቃሉን ሁለተኛ ፍቺ በፎገራ ሜዳ ላይ እንፈትነው። ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በርብና በጉማራ ወንዞች በሚጥለቀለቀው በዚህ ሜዳ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በጅግናና በሻጋ የአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ይለማ ነበር። የጅግናን ስም የያዘው ኤክስ-ጅግና የተባለው ዝርያም በአካባቢው በሰፊው ተዘርቷል። ገበሬው ዘሩን ከጎረቤቱ ሲቀበል የማንንም ጽሑፍ አይጠቅስም፤ ባለቤቲቱም የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ቀላቅላ እንጀራ ስትጋግር የግርጌ ማስታወሻ አትጽፍም። ሆኖም ማሳው፣ ገበያውና ማዕዱ ተለውጧል። የሩዙ መስፋፋት በወተቱ ለታወቀው የፎገራ ከብት የሚውለውን የግጦሽ መሬት አጥብቧል፤ ይህም ተጽዕኖ ነው። በጎም ሆነ ክፉ፣ ሸክሙ በመሬት ላይ ይታያል። የዚህን ሜዳ የዘር አዳቃይ፣ የከብት ሐኪምና የአካባቢውን የእርሻ ቃላት የሚሰበስብ የቋንቋ አጥኚ በአንድ የጥቅስ ቁጥር ማበላለጥ ጤፍን በክንድ እንደ መለካት ነው።

ቁጥር ጭራሽ አይረባም አንልም። ቁጥር በሌለበት ቦታ ወገንተኝነትና የግል ትውውቅ ሚዛኑን እንደሚይዙት ይታወቃል፤ ወጣቱ ተመራማሪ የሚጠቅሰው ማስረጃም አንዳንዴ ይኸው ቁጥር ብቻ ነው። ስለሆነም ቁጥሩ ይቈይ፤ ነገር ግን በስሙ ይጠራ።

በዚህ መሠረት ለተርጓሚዎች የሚከተለውን እናቀርባለን። የጥቅሶች ብዛት «የተጠቃሽነት ቁጥር» ይባል። ባለፉት ሁለት ዓመታት የወጡ ጽሑፎች በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ ምን ያህል እንደ ተጠቀሱ የሚያሳየው የመጽሔት መለኪያ፣ አሁን «የተጽዕኖ መጠን» መባሉ ቀርቶ፣ «የመጽሔት አማካይ ተጠቃሽነት» ይባል። የሂርሽ ቀመር ደግሞ፣ የሙቀት መለኪያውን በሴልሺየስ ስም እንደምንጠራው፣ በአመንጪው ስም «የሂርሽ መለኪያ» ይባል። «ተጽዕኖ» ግን ለሥሩ ፍቺ ይጠበቅ። ቃሉ በሰዋስው ጠባዩ «በ… ላይ» የሚል ማሟያ ይጠይቃልና፣ በግምገማ ወረቀት ላይ «ከፍተኛ ተጽዕኖ አለው» የሚል ዐረፍተ ነገር የሚያጋጥመው ተርጓሚም ሆነ ገምጋሚ «በምን ላይ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «በሌሎች ጽሑፎች ዝርዝር ላይ» ብቻ ከሆነ ቃሉ ተጠቃሽነት ነው።