የጠበቀውና የላላው

ከሰበታ ማስታወቂያዎች መካከል ጥሩ እጅ የጻፈውን ለመለየት የከተማዋን ስም ማየት ይበቃል። ስሟ በቁቤ ሲጻፍ በላቲን ፊደል ስምንት ሆሄ ይፈጃል፤ በእኛ ፊደል ሦስት ብቻ። ቡራዩ ላይ ልዩነቱ ይብሳል፣ ዐሥር በሦስት ነው። ሱሉልታ ስምንት በአራት። ይህን የተራራቀ ርዝመት በአንድ ሰሌዳ ላይ ማስማማት ቀላል አይደለም። ልምድ የሌለው ጸሐፊ ቦታው እንዲሞላለት ሦስቱን ፊደላት እንደ ሊጥ ይለጥጣቸዋል። የበሰለው ቁመናቸውን ሳይነካ በመካከላቸው ክፍተት ይተዋል፤ የ«በ» ሁለት እግሮች እኩል ይወርዳሉ፣ የ«ታ» እግር ሲታጠፍም ብሩሹ አይወፍርም። እንዲህ ያለውን ሰሌዳ ቆሞ ማየት ደስ ይላል።

የቁቤው ርዝመት ያለ ምክንያት አልመጣም። በ1984 ዓ.ም. ለአፋን ኦሮሞ መጻፊያ የተመረጠው ቁቤ የሚጠብቀውን ድምፅ ሆሄውን ደግሞ ያሳያል፤ የሚረዝመውንም አናባቢ እንደዚሁ። «ሰበታ» በሚለው ስም ውስጥ «በ» ስለሚጠብቅ ተነባቢው ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ መጨረሻውም ስለሚረዝም አናባቢው ተደግሟል። በአፋን ኦሮሞ «ሶዳ» ሲላላ ፍርሃት ነው፤ ሲጠብቅ አማች። «ቢታ» ላልቶ ግራ፣ ጠብቆ ግዢ ይሆናል። የግዢ ክፍል በር ላይ አንዲት ሆሄ ብትጎድል ባለጉዳዩ የሚያነበው «ግራ» የሚል ነው። ስለዚህ ያችን ድርብ ሆሄ ሳይዘነጋ የሚጽፍ ሰው ምስጋና ይገባዋል።

 

አማርኛው ግን መጥበቅና መላላትን ለአንባቢው ጆሮ ትቶታል። «ልብስ ሰፊ» ከሚለው ሰሌዳ ላይ «ልብስ» የሚለውን ብንሸፍነው «ሰፊ» ብቻውን ይቀራል፤ «ፊ» ከላላ መርፌ የያዘው ባለሙያ ነው፣ ከጠበቀ ጥበት የሌለው ነገር። «ገና» ጠብቆ በዓሉ ነው፣ ላልቶ ጊዜው ያልደረሰ። «ዋና» ላልቶ ውኃ ውስጥ ነው፣ ጠብቆ ከሁሉ የሚቀድመው። ባለቅኔው ይህን ክፍተት እንደ ሀብት ይጠቀምበታል፤ ሰሙን በአንዱ፣ ወርቁን በሌላው ያነብልናል፣ ፊደሉም ለሁለቱም ሳያዳላ ያገለግላል። ቅኔ ለሚቆጥር ሰው ይህ ጸጋ ነው። ለጀማሪ አንባቢ ግን እንቅፋት ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን አስበውበታል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አኑረዋል። እንዲህ ረጅም ልብ ወለድ ውስጥ ቃል በቃል እየሄዱ የትኛው ፊደል እንደሚጠብቅ መወሰን፣ ከዚያም በእርሳስ ፊደል ዘመን ማሳተም ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አስቡት። ትረካውን ብዙዎች ያደንቃሉ፤ እኔ የነጥቦቹም እንደዚያው አድናቂ ነኝ። በአንድ ትንሽ ጠብታ ቀለም ድምፃቸውን ከነአነባበቡ አስተላልፈዋል፣ የፊደሉንም መልክ አልነኩም። ልማዱ ሳይስፋፋ ቀረ። የማጥበቂያ ምልክት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ የራሱ ቦታ ስላለው ዛሬ በኮምፒውተር ለመጻፍ የሚከለክል የለም። ለልጆች በሚታተም የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ቢያንስ በ«ገና»ና በ«ሰፊ» አናት ላይ ባየው እወዳለሁ።