ከሽልሻሎው በኋላ ያለው ዱዓ

በቆላ የሚሠራ የሰብል ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባ ነገር ቢኖር የእውቀቱን ዳርቻ ነው። ይህን ያስተማሩኝ የሰሜን ወሎ ማሽላ አራሾች ናቸው፤ በተለይም የሐራዎቹ። ሐራ ከደጋው ግርጌ ፊቷን ወደ አፋር አዙራ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት። በአካባቢው በልግም ክረምትም አለ ይባላል። በልጉ ግን አንድ ዓመት መጥቶ ሌላ ዓመት ይቀራል። ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ፣ ነሐሴ ሳይወጣ ጥሎ የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እንደ ደጋሊትና ጅጉርቴ ያሉት የአገሬው ማሽላዎች ቶሎ አይደርሱም። በበልጉ እርጥበት ካልተዘሩ፣ ፍሬ ሳይቋጥሩ ዝናቡ ያልቅባቸዋል። ገበሬው ግን አይጨክንባቸውም፤ እንጀራቸው ይጥማል፣ አገዳቸው ለከብት መኖና ለማገዶ ይሆናል። ስለዚህ ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ጥያቄው ያው ነው፤ አሁን ልዝራ ወይስ ልጠብቅ? የበልጉ ጊዜ ካለፈ ፈጥኖ ወደሚደርስ ዘር መዞር፣ እሱም ካመለጠ ጤፍ መዝራት፣ በመጨረሻ በቀረችው እርጥበት ሽምብራ መሞከር ይመጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው በተዞረ ቁጥር ዘር ይባክናል፣ የበሬ ጉልበት ያልቃል።

አንድ አዛውንት ማሳቸው ዳር ቆመው፣ «ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፤ ዝናቡ ይገባል?» አሉኝ።

«እሱን እኔ አላውቅም አባቴ። ከገባ ምን እንደሚዘሩ፣ ከቀረ ደግሞ ምን እንደሚያተርፉ ግን አብረን እንመክራለን።»

«እንግዲያማ እሱን አላህ ያውቃል። በል ስለ ዘሩ ንገረኝ።»

ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ሁሉ ቁም ነገር ነበር። የማላውቀውን አላውቅም ስላልኳቸው፣ አውቃለሁ ያልኩትን አመኑኝ። የሜትሮሎጂ ትንበያም ቢሆን በደንብ ላነበበው ሰው የሚናገረው በዚሁ ልክ ነው። ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ብሎ የእያንዳንዱን ዕድል ያስቀምጣል እንጂ፣ የአንድን ገበሬ ማሳ ለይቶ ቃል አይገባም። ትንበያውን እንደ ቃል ኪዳን አድርጎ ገበሬውን በማዳበሪያ ዕዳ የሚያስገባ ባለሙያ፣ የሰውን አቅም ካለልኩ አስረዝሟል።

የማሽላ ጥገኛ አረም የሆነውን አቀንጭራን ያየ ሰው የአቅምን ጉዳይ ከአፈሩ ይማራል። አንዲት የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ደቃቅ ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም ከአሥር ዓመት በላይ መሬት ውስጥ ተኝቶ መቆየት ይችላል። የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ነው። ሐምራዊ አበባው ከመሬት ሲወጣ ጉዳቱ ከሥር አብዛኛው ተፈጽሟል። ለዚህ ችግር ዱዓ ብቻ ይበቃል ያለኝ ገበሬ የለም። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን በሚቋቋም ማሽላ ላይ ለዓመታት ደክመው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ወደ አገራችን ገብተዋል፤ እዚያው ሰሜን ወሎ፣ ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ካለው ከሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም ብርሃን የተባለው ወጥቷል። ይህ ሁሉ በሰው እጅ ያለ ነው። በእጅ ያለውን ትቶ ወደ ላይ ማንጋጠጥ ትሕትና አይመስለኝም።

ሽልሻሎም እንደዚሁ ነው። ማሽላው ጉልበት ሲደርስ ገበሬው በሬውን ጠምዶ በቡቃያው መካከል ያርሳል። ብዙ ቡቃያ ይነቀላል፤ የማያውቅ ሰው ቢያይ ማሳውን ያጠፋው ይመስለዋል። ነገር ግን አረሙ ይገለበጣል፣ የተጨናነቀው ይሳሳል፣ የላላው አፈር የሚመጣውን ጠብታ ይውጣል። ፈሩን በየመካከሉ በአፈር የገደበ ሰውማ ውሃው እንዳይሸሽ አድርጎ ያዘ። ከዚህ ወዲያ ጠብታዋ ራሷ መምጣት አለባት፤ እሷን የሚያመጣ እርሻም ምርምርም የለም። የሐራ ሰው ለዱዓ የሚቀመጠው እዚህ ላይ ሲደርስ ነው።

እኔ ያደግሁት በምሕላ ነው፤ አርባ አንድ እግዚኦታ እያደረሰ ዝናብ በሚለምን ሕዝብ መካከል። ወዳጃ በሚባለው የወሎ የጋራ ዱዓ ላይ ስቀመጥም «አሚን» የምለው ከልቤ ነው። ወሎ ውስጥ ይህን የሚያስገርም ነገር አድርጎ የሚያይ የለም። ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ዱዓውን የሚመራው አባጋር ይመርቃል። ከምርቃቱ በፊት ግን የተቀያየመ ካለ «አውፍ» እያለ ይቅር ይባባላል። ይህን እንደ ባለሙያ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳ ማስገባት ከጎረቤት ጋር ሳይስማሙ የሚሆን ነገር አይደለም፤ የላዩ ካልለቀቀ የታችኛው አይጠጣም። በስብሰባ ያልፈታነው የቦይ ጠብ ወዳጃ ላይ ሲፈታ አይቻለሁ። ሰው ፈጣሪው ፊት «አልቻልኩም» ካለ በኋላ፣ ወንድሙን «እርዳኝ» ማለት አይከብደውም።

በጥቅምት 2013 የበረሃ አንበጣ ሰሜን ወሎን ሲወር ማሽላው ፍሬ ይዞ ነበር። በአገራችን በ25 ዓመት ውስጥ የከፋው ወረራ ነበር። ሰው ቆርቆሮ ደበደበ፣ ጭስ አጨሰ፣ ጅራፍ አጮኸ። የደረሰውን በደቦ አጨደ። እየጮኸም ለመነ። ያንን ልመና የሰነፍ ልመና ነው የሚል ካለ ማሳው ላይ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» የሚለው ቃል ማድረግ በሚችሉ ሰዎች አፍ ሲገባ ይበላሻል። በ1965 እና በ1966 ወሎ ሲራብ ገበሬው በእውነት አቅሙ አልቆ ነበር። አቅም የነበራቸው ባለሥልጣናት ግን ረሃቡን ደበቁት፤ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ ዓለም በቅጡ አልሰማም። ዝናብ መቅረቱ ከሰው አቅም በላይ ነው። እህል አለማድረስ ግን የሰው ጥፋት ነው፤ በእግዚአብሔር ስም ሊሸፈን አይገባም።

ወደ ሐራ፣ ወደ መርሳ፣ ወደ ግራና የምትመደቡ ወጣት ባለሙያዎች ሆይ፣ ዱዓም ሆነ ምሕላ ሲጠራ አትቅሩ፤ ሄዳችሁ ከሕዝቡ ጋር ተቀመጡ፣ የማትችሉትን አትችሉም በሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ፈጥኖ የሚደርሰው ዘር መጋዘን መግባቱን አረጋግጡ፤ ዝናቡ በሰኔ ቢመጣ ገበሬው የሚዘራው ይፈልጋል።